ነፍሰ ጡር መንገደኛና የባዕድ አገር ማዕድ

አንድ ማዕድ ላይ የቀረበ የተበከለ ምግብ የበላውን ሁሉ እኩል አይጎዳም። አብረው ከበሉት አንዱ ምንም ሳይሰማው ያልፋል፤ ሌላውን ለአንድ ቀን ሆዱን ይቆርጠዋል። ነፍሰ ጡሯ ደግሞ ጉንፋን የመሰለ ቀላል ሕመም አልፏት ፅንሷን ልታጣ ትችላለች። በእርግዝና ጊዜ ስለ ምግብ የሚሰጠው ጥንቃቄ ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው፤ የሕመሙ ክብደት በእናትየው ሁኔታ ብቻ አይለካም።

ምክንያቱ ከሰውነቷ አሠራር ይጀምራል። የእናት የበሽታ መከላከያ ፅንሱን እንደ ባዕድ አካል ቆጥሮ እንዳያጠቃው ራሱን በከፊል ያለዝባል። ይህ ለፅንሱ ሕይወት ነው፤ በሰውነት ሕዋሳት ውስጥ ተደብቀው ለሚኖሩ ጥቂት ጀርሞች ግን ገርበብ ያለ በር ይሆናል። ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን የአንጀትን እንቅስቃሴ ያዘገያል። ነፍሰ ጡሮች ለቃር የሚወስዱት መድኃኒት ደግሞ ብዙ ጀርሞችን መንገድ ላይ የሚያስቀረውን የጨጓራ አሲድ ይቀንሰዋል።

ጉዞው በዚህ ላይ ይደረባል። በአገሯ ሳለች ገበያውን፣ ውኃውንና ሥጋ ቤቱን ታውቃለች፤ ድስቱንም የምትጥደው ራሷ ናት። ባዕድ አገር ስትገባ ምግቡ ማቀዝቀዣ ውስጥ ስንት ቀን እንደቆየ፣ ወተቱ ይፈላ አይፈላ የምታውቅበት መንገድ የላትም። የንጽሕና አቅርቦት ዝቅተኛ ወደሆነባቸው አገሮች ለሁለት ሳምንት ከሚሄዱ መንገደኞች፣ እንደ አገሩና እንደ ወቅቱ፣ ከ30 እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ተቅማጥ ይይዛቸዋል ተብሎ ይገመታል። ለጉዞ የሚመረጠው ጊዜ ሁለተኛው ሦስት ወር፣ ማለትም ከ14ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት ያለው ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ማቅለሽለሹና የውርጃ ስጋቱ ያይላል፤ በመጨረሻዎቹ ደግሞ ብዙ አየር መንገዶች 36ኛውን ሳምንት ያለፈች ነፍሰ ጡር አያሳፍሩም።

የመንገደኛ የተለመደ ፍርሃት የመንገድ ዳር ምግብ ነው። ነፍሰ ጡርን በሚመለከት ግን ከሁሉ በላይ የሚያስፈራው ነገር የሚገኘው ነጭ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ፣ በበረዶ መካከል ተደርድሮ ነው። ስሙ ሊስቴሪያ ነው።

ሊስቴሪያ እ.ኤ.አ. በ1926 እንግሊዝ አገር ካምብሪጅ ውስጥ በታመሙ ጥንቸሎች ላይ የተለየ ባክቴሪያ ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው ቀዶ ሐኪሞች ከጀርም የጸዳ አሠራር እንዲከተሉ ካስተማረው ከጆሴፍ ሊስተር ነው። አፈር ውስጥ፣ ውኃ ውስጥ፣ በከብቶች አንጀት ውስጥ ይኖራል። ከሌሎቹ የምግብ ጀርሞች የሚለየው ቅዝቃዜን መቻሉ ነው። ሳልሞኔላ በደንብ የሚሠራ ፍሪጅ ውስጥ ሲገባ መራባቱን ያቆማል፤ ሊስቴሪያ ግን በ4 ዲግሪ ሴልሺየስም ቀስ እያለ ይራባል። ለሌላው ምግብ ዋስትና የሆነው ፍሪጅ ለዚህ ጀርም የመራቢያ ጊዜ መስጫ ነው። ምግቡ አይሸትም፣ ቀለሙ አይለወጥም፣ ጣዕሙም ያው ነው።

ነፍሰ ጡር በሊስቴሪያ የመያዝ ዕድሏ ከሌላው ሰው 10 እጥፍ ገደማ ይበልጣል። እሷን የሚሰማት ትኩሳት፣ የጡንቻ ሕመምና ድካም ነው፤ አንዳንዴም ምንም አይሰማትም። ባክቴሪያው ግን የእንግዴ ልጅን ተሻግሮ ፅንሱ ዘንድ ይደርሳል። ውጤቱ ውርጃ፣ ያለ ቀኑ መወለድ ወይም ሞቶ መወለድ ነው፤ በሕይወት የተወለደውም ሕፃን በደም መመረዝና በማጅራት ገትር ሊታመም ይችላል።

ይህ ከወረቀት ላይ የተወሰደ ስጋት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ውስጥ በሎስ አንጀለስ ካውንቲ 142 ሰዎች በሊስቴሪያ ታመሙ፤ 93ቱ ነፍሰ ጡሮች ወይም ፅንሶቻቸውና ጨቅላዎቻቸው ነበሩ። ፅንሶችን ጨምሮ 48 ሕይወት ጠፋ። የበሽታው ምንጭ በሜክሲኮ ወግ የሚሠራ ለስላሳ ነጭ አይብ ሆኖ ተገኘ፤ ጥሬ ወተት ተቀላቅሎበት ነበር። በአፍሪካም ከዚህ የከፋ ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2017 እና በ2018 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከ1,000 በላይ ሰዎች ታመው ከ200 በላይ ሞቱ፤ ከታመሙት ግማሽ ያህሉ ከእርግዝና ጋር የተያያዙ ነበሩ። ምንጩ ፖሎኒ ይባላል፤ በየሱቁ እየተቆረጠ የሚሸጥ፣ ሞርታዴላ የሚመስል ርካሽ የተቀነባበረ ሥጋ ነው። ያ ወረርሽኝ እስከዚያ ጊዜ በዓለም ላይ ከተመዘገቡት የሊስቴሪያ ወረርሽኞች ሁሉ ትልቁ ነበር።

ስለዚህ በሆቴል ቁርስ ላይ ሞርታዴላውና ሳላሚው፣ በጭስ ብቻ የተዘጋጀው ቀዝቃዛ ሳልመን፣ እንደ ብሪና ካማምቤር ያለው ቆዳው ነጭ ለስላሳ አይብ፣ ከጉበት የሚሠራው የሚቀባ ፓቴ፣ ተቆራርጦ የዋለው ሜሎን፣ ከትናንት ጀምሮ የተዘጋጀው ሰላጣ ለነፍሰ ጡር አይሆኑም። ለቀዝቃዛው ሥጋ ወይም ለለስላሳው አይብ መፍትሔው እሳት ነው። ምግቡ ውስጡ 74 ዲግሪ ሴልሺየስ እስኪደርስ፣ በሌላ አነጋገር እንፋሎቱ እስኪወጣ ድረስ ከጋለ ሊስቴሪያ ይሞታል። ያው ሞርታዴላ መጥበሻ ላይ ተጠብሶ፣ ያው አይብ ፒዛ ላይ ቀልጦ ሲመጣ ሌላ ምግብ ሆኗል ማለት ይቻላል። ማይክሮዌቭ ግን ከዳር እያቃጠለ መሀሉን ለብ ብቻ አድርጎ ስለሚተው በማሞቁ መሀል ምግቡን ማገላበጥ ያስፈልጋል።

በዚህ ሚዛን ሲታይ፣ ባንኮክ ውስጥ በመንገደኛው ዓይን ፊት በጋለ መጥበሻ ተጠብሶ በዚያው ቅጽበት የሚቀርብ ሩዝ፣ ዱባይ ውስጥ ባለ አምስት ኮከብ ሆቴል አዳራሽ ከጠዋት ጀምሮ ከተዘረጋ ቀዝቃዛ ገበታ ይሻላል። የመንገድ ዳር ምግብ ሁሉ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፤ ሳህኑም የሚታጠብበት ውኃም መታየት አለበት። ፍርዱ ግን በቤቱ ማማር ሳይሆን ምግቡ ከእሳት ከወረደ ስንት ጊዜ ሆነው በሚለው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የበሰለ ምግብ ከ60 ዲግሪ በላይ ትኩስ ሆኖ ወይም ከ5 ዲግሪ በታች ቀዝቅዞ እንዲቆይ፣ በክፍል ሙቀት ውስጥም ከሁለት ሰዓት በላይ እንዳይውል ይመክራል። ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ በሚያልፍባቸው ቦታዎች፣ የባሕረ ሰላጤው አገሮች በጋ ለምሳሌ እንዲህ ነው፣ ሁለቱ ሰዓት ወደ አንድ ይወርዳል።

ከቀዝቃዛው ቀጥሎ ጥሬው ይመጣል። ጥሬ ሥጋ መብላት የኢትዮጵያ ብቻ ልማድ የሚመስለው ብዙ ሰው ነው። ጀርመኖች ጥሬ የአሳማ ሥጋ ፈጭተው ከሽንኩርት ጋር ዳቦ ላይ ቀብተው ቁርስ ይበሉታል፤ ፈረንሳዮች ታርታር፣ ጣልያኖች ካርፓቾ፣ ሊባኖሶች ኪቤ ናዬ አላቸው። ክትፎ ዘመዱ ብዙ ነው። ጥሬ ሥጋ የሚያመጣው የኮሶ ትል ብቻ ነው፣ እሱም በመድኃኒት ይወጣል የሚል የቆየ አስተሳሰብ አለ። ለነፍሰ ጡር ግን ትሉ ከሁሉም ቀላሉ ነው። ሳልሞኔላ፣ ኢ ኮላይ እና ቶክሶፕላዝማ ከዚያው ሥጋ ጋር ይመጣሉ።

ቶክሶፕላዝማ በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተህዋስ ሲሆን ዋና ቤቱ የድመት አንጀት ነው። ወደ ሰው የሚገባው በድመት ዓይነ ምድር በተበከለ አፈር፣ ሳይታጠብ በሚበላ አትክልትና ባልበሰለ ሥጋ ነው። ጤነኛ ሰው ሳያውቀው ታሞ ይድናል፤ ብዙ ኢትዮጵያውያንም በልጅነታቸው አግኝቷቸው የመከላከል አቅም ይዘዋል። ችግሩ ነፍሰ ጡር ሳለች ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚይዛት ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ከያዛት ወደ ፅንሱ የመተላለፉ ዕድል አነስተኛ ቢሆንም ጉዳቱ ከባድ ነው፤ አንጎልና ዓይን ይጎዳል። በመጨረሻዎቹ ወራት ደግሞ ይበልጥ ቢተላለፍም ጉዳቱ ይቀላል። ፈረንሳይ መከላከያው የሌላቸውን ነፍሰ ጡሮች በየወሩ በደም ምርመራ የምትከታተለው ለዚህ ነው። «በልጅነቴ ይዞኝ ይሆናል» የሚለው ግምት ያለ ደም ምርመራ ዋጋ የለውም።

ይህ ነገር ከውጭ ወደ አገር ቤት ለሚመጡትም ይሠራል፤ እንዲያውም ለእነሱ ይብሳል። ከዋሽንግተን ወይም ከቴል አቪቭ ለዘመድ ጥየቃ አዲስ አበባ የምትገባ ነፍሰ ጡር ራሷን እንደ መንገደኛ አትቆጥርም፤ አገሯ ነውና። የጉዞ ሕክምና ባለሙያዎች ከቱሪስቱ ይልቅ ዘመድ ጠያቂው አብዝቶ እንደሚታመም ያውቃሉ። ሐኪም ሳያማክር ይመጣል፣ ከቤተሰብ ጋር ከአንድ ትሪ ይበላል፣ የቀረበለትን አልበላም ማለት ይከብደዋል። በዚያ ላይ የነፍሰ ጡር አምሮት በአገሩ የተከበረ ነው፤ ክትፎ አማረኝ ያለች ሴት ያለ ጥያቄ ክትፎ ቤት ትወሰዳለች። ክትፎ ቤት ውስጥ ደግሞ አሳላፊው የሚጠይቃት ሦስት ቃል ነው፦ ጥሬ፣ ለብለብ ወይስ የበሰለ? ለነፍሰ ጡር መልሱ አንድ ነው፤ የበሰለ። ለብለብ የሚባለው ላዩ ግራጫ ሆኖ ውስጡ ቀይ የሚቀር ስለሆነ ከጥሬው ብዙም አይለይም። የተፈጨ ሥጋ 71 ዲግሪ፣ ዶሮ 74 ዲግሪ መድረስ አለበት። ሚጥሚጣው፣ ሎሚውም ሆነ አረቄው የእሳትን ሥራ አይሠሩም። ዱለት ሁለት ጥያቄ ያስነሳል፤ ብዙ ጊዜ ለብ ተደርጎ ይቀርባል፣ ጉበትም አለበት። ጉበት ቫይታሚን ኤ እጅግ ስለሚበዛበትና ይህ ቫይታሚን ከመጠን ሲያልፍ ፅንስን ስለሚጎዳ፣ የእንግሊዝ የጤና አገልግሎት ነፍሰ ጡሮች በስሎ እንኳ ጉበት እንዳይበሉ ይመክራል።

ወተት ላይ ያለው ደንብ አጭር ነው፤ ያልፈላ ወይም ያልተፓስቸረ አይጠጣም። ፓስቸራይዝ ማድረግ ማለት ወተትን በ72 ዲግሪ ለ15 ሰከንድ፣ አለዚያም በ63 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ማቆየት ነው፤ በዚህም ሊስቴሪያም ብሩሴላም ይሞታሉ። ብሩሴላ የሚመጣው ከፍየል፣ ከበግ፣ ከላምና ከግመል ጥሬ ወተት ነው። ወላዋይ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና የመገጣጠሚያ ሕመም ያመጣል፤ ነፍሰ ጡርን ያስወርዳታል። በሳዑዲ ዓረቢያ በየመንገዱ ዳር በግመል በረት አጠገብ የሚሸጠው ትኩስ የግመል ወተት ለጤና መልካም ነው ተብሎ በብዙዎች ይወደዳል። ወተቱ ጠቃሚ ሊሆን ይችላል፤ የሚጠቅመው ግን ሲፈላ ነው። በደቡብ እስራኤል በኔጌቭ አካባቢም ከቤት የሚወጣ ያልተፓስቸረ አይብ ሰዎችን በብሩሴላ ሲያሳምም ኖሯል። የኢትዮጵያ አይብ አሬራው ሲሞቅ የሚገኝ ቢሆንም የሚሞቀው በየቤቱ በተለያየ ልክ ነው፤ ከተሠራ በኋላም በእጅ ይነካል፣ ውሎ አድሮ ይሸጣል። ነፍሰ ጡር ካልቀረባት ከፈላ ወተት በቤቷ የተሠራውን፣ በዚያው ቀን ትብላ።

ወደ ውኃ ሲመጣ ስጋቱ ከተቅማጥ ይሻገራል። ሄፓታይተስ ኢ የሚባል፣ በተበከለ ውኃ የሚተላለፍ የጉበት ቫይረስ አለ። ወጣት ወንድን ዓይኑን ቢጫ አድርጎት ለሳምንታት አስተኝቶት ይተወዋል። በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለች ነፍሰ ጡርን ሲይዝ ግን፣ እንደ ዓለም ጤና ድርጅት ገለጻ፣ ከታመሙት ከ20 እስከ 25 በመቶ የሚሆኑትን ሊገድል ይችላል። ለምን እርግዝናን እንዲህ እንደሚጠላ ሙሉ መልስ አልተገኘለትም። እ.ኤ.አ. በ1955 እና በ1956 ዴልሂ ከተማ የመጠጥ ውኃዋ በፍሳሽ ተበክሎ 29,000 ገደማ ሰዎች ዓይናቸው ቢጫ ሆነ፤ መንስኤው ይህ ቫይረስ መሆኑ የታወቀው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ቫይረሱን እ.ኤ.አ. በ1983 ያሳየው ሚካኢል ባላያን የተባለ የሶቪየት ሳይንቲስት ነበር፤ ያሳየውም ከሕሙማን የተወሰደ ናሙና ራሱ ጠጥቶ በመታመም ነው። ደቡብ እስያ፣ ሱዳን፣ ደቡብ ሱዳንና ቻድ ደጋግመው ያዩት በሽታ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2014 በጋምቤላ የስደተኞች መጠለያዎችም ተከስቷል። ክትባቱ በቻይና የተሠራ ሲሆን በአብዛኛው ዓለም እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ ለሕክምና ወደ ሕንድ የምትሄድ ወይም ሕመምተኛ ለማስታመም የምትከተል ነፍሰ ጡር ያላት መከላከያ የምትጠጣው ውኃ ብቻ ነው።

ውኃ ፍልቅልቅ ብሎ ለአንድ ደቂቃ ሲፈላ ጀርሞቹ ይሞታሉ። ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ባሉ ቦታዎች ሦስት ደቂቃ ይሰጠዋል፤ ከፍታው ሲጨምር ውኃ ዝቅ ባለ ሙቀት ይፈላልና። አዲስ አበባ ውስጥ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። የታሸገ ውኃ ሲገዛ ክዳኑ ሲከፈት ቀጭ ማለቱን መስማት ያስፈልጋል፤ በብዙ ከተሞች ያገለገለ ጠርሙስ ከቧንቧ ተሞልቶ ይሸጣል። በረዶ የተሠራው ከምን ውኃ እንደሆነ አይታወቅም፤ ቅዝቃዜም አላጸዳውም። ጥርስ የሚቦረሽበትም ከታሸገው ውኃ ይሁን። በአዮዲን ክኒን ውኃ ማጣራት ለተራራ ወጪዎች የተለመደ ቢሆንም ለነፍሰ ጡር ለረጅም ጊዜ አይመከርም፤ አዮዲኑ ሲበዛ የፅንሱን የእንቅርት ዕጢ ያውካል።

አትክልትና ፍራፍሬ የውኃው ተከታይ ናቸው። ራሷ አጥባ የላጠችው ሙዝ፣ ብርቱካንና ማንጎ አያስፈራም፤ ተልጦ በላስቲክ የሚሸጠው ፓፓያ ያስፈራል። ከሁሉ የሚዘነጋው በቆልት ነው። በቆልት ሲቀቀል ጥሩ ምግብ ነው፤ በአውሮፓና በእስያ ግን በጥሬው ሰላጣ ላይ ይነሰነሳል። ዘር የሚበቅልበት ሙቀትና እርጥበት ለጀርምም የተመቸ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ጀርመን ውስጥ ከ3,800 በላይ ሰዎችን አሳምሞ ከ50 በላይ የገደለው የኢ ኮላይ ወረርሽኝ ምንጩ በጥሬው የተበላ የአብሽ በቆልት ነበር።

እንቁላል እንደ አገሩ ነው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የአንበሳ ማኅተም ያለበት እንቁላል አስኳሉ ሳይረጋ ለነፍሰ ጡር እንዲፈቀድ አድርጋለች፤ ዶሮዎቹ የሳልሞኔላ ክትባት ስለሚሰጣቸው ነው። በሌላ አገር ግን አስኳሉም ነጩም መርጋት አለበት። ቲራሚሱና በቤት የተመታ ማዮኔዝ ጥሬ እንቁላል እንዳለባቸው ብዙ ሰው አያስተውልም።

እሳት ሁሉን የሚፈታው እስከ ዓሣ ድረስ ነው። ጥሬውን ዓሣ ማብሰል ጥገኛ ትሎቹን ይገድላል፤ ጃፓን የሄደች ነፍሰ ጡርም ከሱሺው ውስጥ የበሰለ ሽሪምፕ፣ እንቁላልና አትክልት ያለበትን መርጣ ልትበላ ትችላለች። በፔሩ በሎሚ ብቻ የሚዘጋጀው ሴቪቼ ግን ዓሣው ነጣ ቢልም ጥሬ ነው። ሜርኩሪን ደግሞ ምንም እሳት አያስወጣውም። ሜርኩሪ ትልቁ ዓሣ ትንሹን እየበላ ሲሄድ ስለሚጠራቀም ሻርክ፣ ስዎርድፊሽ፣ ማርሊንና ትልልቁ ቱና ላይ ይበዛል። እ.ኤ.አ. በ1956 በጃፓን ሚናማታ ከተማ በፋብሪካ ፍሳሽ የተበከለ ዓሣ ያመጣው በሽታ ይፋ ከሆነ በኋላ፣ ምልክት እምብዛም ያልታየባቸው እናቶች አንጎላቸው ክፉኛ የተጎዳ ልጆች መውለዳቸው ታይቷል። ዓሣን ፈጽሞ መተው ግን ሌላ ስህተት ነው፤ ለፅንሱ አንጎል የሚጠቅም ቅባት አለው። የአሜሪካ ባለሥልጣናት ነፍሰ ጡር ሜርኩሪ የሚያንስበትን፣ እንደ ሳርዲን፣ ሳልመንና ቆሮሶ ያለውን፣ በሳምንት ከ227 እስከ 340 ግራም እንድትበላ ይመክራሉ።

ሻንጣው ውስጥ የሚገባው ስንቅ ከዚህ ሁሉ ያድናል። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽና ሽሮ እርጥበት ስለሌላቸው ጀርም አይራባባቸውም፤ የኤሌክትሪክ ማፍያ ያለበት ክፍል ደግሞ ግማሽ ወጥ ቤት ነው። ቅቤና ቋንጣ ግን ብዙ ጊዜ ጉምሩክ ላይ ይቀራሉ፤ የአውሮፓ ኅብረት ከኅብረቱ ውጭ የሚመጣ መንገደኛ ሥጋና የወተት ውጤት ይዞ እንዲገባ አይፈቅድም፣ አሜሪካም በሥጋ ላይ ጥብቅ ናት። ለዘመድ ተብሎ በረዶ ሆኖ የተጫነ ዶሮ ወጥ በመጓጓዣው 15 ሰዓት ውስጥ ቀልጦ ከደረሰ፣ የነፍሰ ጡር ምግብ መሆኑ ቀርቷል። የሻገተ እንጀራም ሻጋታው ተቆርጦ አይበላም፤ ሙሉውን ይጣላል።

በሰው ቤት እምቢ ማለት ከሁሉም ይከብዳል። የቤቱ እመቤት በእጅዋ የጠቀለለችውን ጉርሻ መመለስ እንደ ንቀት ይታያል፤ በዓረቡም በሕንዱም ቤት እንግዳ ተቀባይነት ያው ነው። «አልወደውም» ማለት ያስቀይማል፤ «ሐኪም ከልክሎኛል» የሚለው ግን በየትኛውም አገር ይሠራል። መንገደኛዋ በምትሄድበት አገር ቋንቋ «ነፍሰ ጡር ነኝ» እና «በደንብ የበሰለ» የሚሉትን ሁለት ሐረጎች ይዛ ብትሄድ ብዙ ነገር ይቀልላታል። ከጉዞው አራት ወይም ስድስት ሳምንት ቀድማ ሐኪም ብታማክር ደግሞ የሄፓታይተስ ኤ ክትባትና በመርፌ የሚሰጠው የታይፎይድ ክትባት ያስፈልጓት እንደሆነ ይወሰንላታል። በአፍ የሚወሰደው የታይፎይድ ክትባት ሕያው ባክቴሪያ ስለያዘ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም።

ተቅማጥ ከያዛት የመጀመሪያው ሕክምና ፈሳሽ ነው። ድርቀት ወደ እንግዴ ልጅ የሚሄደውን ደም ይቀንሳል፤ ያለ ጊዜው የማኅፀን ቁርጠትም ሊያስነሳ ይችላል። ከፋርማሲ የሚገዛው ኦ አር ኤስ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ተበጥብጦ ይጠጣል። ካልተገኘ፣ በአንድ ሊትር የፈላ ውኃ ውስጥ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበጠበጣል። ጨው ከበዛ ይጎዳልና ልኩ ይጠበቅ። ከፋርማሲ ራስን በራስ ማከም በዚህ ወቅት አደገኛ ነው። ቴትራሳይክሊንና ዶክሲሳይክሊን የፅንሱን ጥርስና አጥንት ይነካሉ፤ ሲፕሮፍሎክሳሲን አብዛኛውን ጊዜ አይታዘዝም፤ ለሆድ የሚሸጠው ሮዝ ፈሳሽ ፔፕቶ ቢስሞል ከአስፕሪን ቤተሰብ የሆነ ነገር ስላለበት አይወሰድም። አንቲባዮቲክ ካስፈለገ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ የሚመርጡት አዚትሮማይሲንን ነው። 38 ዲግሪ ያለፈ ትኩሳት፣ ደም ያለበት ተቅማጥ፣ ውኃ እንኳ የማያስቀር ማስመለስ፣ የሽንት መቆም፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ የማኅፀን ቁርጠት ወይም የፅንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ ከታየ በዚያኑ ሰዓት ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

ሊስቴሪያ ግን ይህን ሁሉ ምልክት ላያሳይ ይችላል። ከተበላበት ቀን እስከ 70 ቀን ተደብቆ ሊቆይ ስለሚችል፣ ትኩሳቱ የሚነሳው መንገደኛዋ አገሯ ገብታ ጉዞውን ከረሳች በኋላ ሊሆን ይችላል። የሰገራ ምርመራ አያወጣውም፤ የሚገኘው በደም ካልቸር ነው፣ በጊዜ ከታወቀም በአምፒሲሊን ይታከማል። ሐኪሙ ያንን ምርመራ እንዲያዝ ደግሞ መረጃ ያስፈልገዋል። ከጉዞ በተመለሰች በሁለት ወር ውስጥ ትኩሳት የተሰማት ነፍሰ ጡር፣ «ጉንፋን ነው» ብላ ሳትተኛ፣ የት አገር ሄዳ ምን እንደበላች ለሐኪሟ ትንገር።